ድሃ በፍርድ አደባባይ ረዳት ስለሚያገኝበት መንገድ

«በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል በአገራችን እጅግ የከበረ ቃል ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው አንዱ በሌላው ላይ እጁን ያነሣ እንደ ሆነ፥ አላፊ አግዳሚው ይህን ቃል ሲጠራ የተቈጣው ሰው ቍጣውን ገትቶ ይቆማል። ከዚህም የምንረዳው፥ ሕዝባችን ሕግን የሚያከብረው ቅጣቱን በመፍራት ብቻ ሳይሆን፥ ሕግ ለደካማ መጠጊያ መሆኑን ከጥንት ጀምሮ በማመኑ መሆኑን ነው። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ መብት የሚጠበቀው በመንገድ ላይ በሚጠራ ቃል ብቻ አይደለም። ማመልከቻ መጻፍ፥ ማስረጃ መሰብሰብ፥ ቀጠሮ ማክበርና በሕጉ አንቀጽ መከራከር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የሌለው ሰው፥ እውነቱን በእጁ ይዞ ሳለ ሊረታ ይችላል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ሁሉ፥ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ለተሾሙ ሹማምንትና በየአጥቢያው ሕዝብን ለሚያስተምሩ ካህናት፥ ድሃ ተሟጋች ያለ ዋጋ ወይም በጥቂት ዋጋ የሕግ ርዳታ ስለሚያገኝበት መንገድ ያለንን አሳብ ለመግለጽ እንወዳለን።

ቀድሞ ሙግት በቃል ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛው ፊት ሲከራከሩ ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ በአደባባይ እየሰማ ያድግ ስለ ነበር፥ ድሃም ቢሆን አንደበቱ ከተፈታለት ስለ ራሱ ለመናገር አይቸገርም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አገሪቱ ሕጎቿን በጽሑፍ አደራጀች። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፥ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. ወጡ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዳኛው እንደ ወደደ ሳይሆን እንደ ተጻፈው ይፈርድ ዘንድ ስለሚያስገድደው፥ ይህ ለአገር ታላቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የተጻፈውን የሚያውቅና የማያውቅ በአንድ ችሎት ፊት ለፊት ሲቆሙ ሚዛኑ አስቀድሞ ያዘነበለ ነው። እንግዲህ ሕጉን ለማያውቅ ድሃ ረዳት ማቆም እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ዕዳ ሊቈጠር ይገባል።

ሕጉም ይህን ዕዳ አልካደም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፥ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ደንግጎ፥ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሲሆንና በዚህም ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን፥ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ይህንንም ለመፈጸም በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ በክልሎችም ፍርድ ቤቶች ተከላካይ ጠበቆች አሉ። ስለዚህ በወንጀል የተከሰሰ ድሃ በመጀመሪያ ለፍርድ በቀረበ ቀን ጠበቃ ለማቆም አቅም እንደሌለው ለዳኛው ማስታወቅ አለበት። ብዙ ሰው ግን ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቈጠርበት ይመስለውና ዝም ይላል።

ይህ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከሌላ አገር አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ክላረንስ ጌዴዎን የሚባል ድሃ ሰው በስርቆት ተከሶ ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ ቢለምን ተከለከለ፤ ራሱ ተከራክሮም ተፈረደበት። በወኅኒ ቤት ሳለ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ተወሰነ። ጉዳዩም እንደ ገና ሲታይ ጌዴዎን ጠበቃ ቆሞለት በነጻ ተለቀቀ። ሰውዬው ያው ሰው፥ ክሱም ያው ክስ ነበር፤ የተለወጠው ረዳት ማግኘቱ ነው።

ወደ ፍትሐ ብሔር ክርክር ስንመለስ፥ በዚህ ረገድ ሁለት የተለያዩ በሮች መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የዳኝነት ገንዘብን የሚመለከት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ፥ የዳኝነቱን ገንዘብ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ያለውን ንብረት ዘርዝሮ በድኅነት ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን ለመጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ክርክርም ሠራተኛው ለሚያቀርበው ክስ ዳኝነት እንዳይከፍል ሕጉ ነጻ አድርጎታል። ነገር ግን ከዳኝነት ገንዘብ ነጻ መሆን ማለት ጠበቃ ማግኘት ማለት አይደለም። ይህን ሳይለይ የቀረ ተሟጋች የመጀመሪያው በር ሲከፈትለት ሁሉ ነገር የተፈጸመለት መስሎት ያለ ረዳት ወደ ችሎት ይገባል።

ሁለተኛው በር የጠበቃ ርዳታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57፥ እያንዳንዱ ጠበቃ በየዓመቱ ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ ሕዝብን እንዲያገለግል አዘዘ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ የጥብቅናን ሥራ በአዲስ መልክ ሲያደራጅ የፌዴራል ጠበቆችን ማኅበር አቋቋመ። ከዚህም በቀር የአዲስ አበባ፥ የሐረማያ፥ የጅማ፥ የመቀሌ፥ የሐዋሳና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችን የመሰሉ የሕግ ትምህርት የሚሰጥባቸው ተቋማት ድሆችን በነጻ የሚረዱ ማእከሎችን አቋቁመው ሠርተዋል። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርም ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር በመስጠት የታወቀ ነው። ማንንም ለመቅጠር ያልቻለ ሰው ደግሞ በሕጉ ከተፈቀዱት የቅርብ ዘመዶቹ አንዱን፥ ይኸውም ሚስት ባሏን፥ ልጅም አባቱን፥ በውክልና ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ በሩ ይህን ያህል ከሆነ፥ ድሃ በውጭ ቆሞ የሚታየው ስለ ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት ርዳታው ጨርሶ አለመኖሩ ሳይሆን፥ ድሃው ስለ ርዳታው የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ሕግ ለመብት ቀን ይቈርጣል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት፥ ያለ አግባብ ከሥራው የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ ከ3 ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል፤ የደመወዝ ጥያቄም በ6 ወር ይታገዳል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ የሚጠይቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ወራሽ መብቱንና ርስቱን ሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ 3 ዓመት ዝም ካለ ክሱ ሊታገድበት ይችላል። በተለመደው የፍትሐ ብሔር ክርክር የተረታ ሰው ይግባኝ የሚለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ባለጸጋው እነዚህን ቀኖች ጠበቃው ይቈጥርለታል። ድሃው ግን ቀን መቈጠሩን እንኳ አያውቅም።

አንዲት ባልዋ የሞተባት የገጠር ሴት እናስብ። የባልዋ ወንድሞች ማሳውን ያዙባት። እርስዋም ከኀዘን ቤት ሳትወጣ አንድ ዓመት ሞላት፤ ሁለተኛውን ዓመት ሽማግሌ ስትለምን አሳለፈች፤ ሦስተኛውን ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ስትመላለስ ፈጸመች። በአራተኛው ዓመት አንድ ሰው ነጻ የሕግ ርዳታ የሚሰጥበትን ስፍራ አመለከታት፤ በዚያም ቅን ጠበቃ አገኘች። ነገር ግን ጠበቃው ክሱን ባቀረበ ጊዜ ተከሳሾቹ «ጊዜው አልፏል» ብለው ይቃወማሉ። በወንጌል የተነገረላት መበለት በዐመፀኛው ዳኛ ደጅ ደጋግማ በመመላለስ ፍርድዋን አግኝታለች፤ ይህች መበለት ግን ዳኛው ቅን ሆኖ ቢያዝንላት እንኳ ቀኑን ሊመልስላት አይችልም። በአራተኛው ዓመት የተገኘው ጠበቃ ያለ ዋጋ ቢቆምላትም ያጣችውን አያስመልስላትም፤ በመጀመሪያው ዓመት የተነገራት አንድ ቃል ግን ማሳዋን ባዳነላት ነበር።

ድሃው ትክክለኛውን በር ባለማወቁ የሚገጥመው ሌላም ጥፋት አለ። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ራፖር ጸሐፊ የሚባሉ ማመልከቻ እየጻፉ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ በቅንነት የሚሠሩ አይጠፉም። ነገር ግን ጉዳይ ገዳይ ነኝ እያለ የባላገሩን ዋና ሰነድ ተቀብሎ የሚሰወር፥ ዳኛውን ዐውቃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚበላ፥ ወይም ሰውዬው ያልተረዳውን ጽሑፍ የሚያስፈርም አታላይም በመካከላቸው ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው ከጠበቃ ይልቅ በርካሽ የሠራ ይመስላል፤ በመጨረሻው ግን ከሁሉ የሚወደደው የእርሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማቃናት፥ ድሃው በመጀመሪያው ቀን የሚሄድበትን ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። የተበደለ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠበቃ አይደለም፤ ወደ ቀበሌው ሹም፥ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፥ ወደ ንስሐ አባቱና ወደ አገር ሽማግሌ ነው። እንግዲህ የነጻ የሕግ ርዳታ የመጀመሪያ ደጅ እናንተ ናችሁ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ካህናት አባቶቻችን የተጣላውን ማስታረቅ ጥንታዊና ቅዱስ ሥራቸው ነው፤ ዕርቅም ከሙግት ይሻላል። ነገር ግን ሽምግልና መጀመሩ ብቻውን በሕግ የተቈረጠውን ጊዜ እንደማያቆመው እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። በደለኛው ሽማግሌዎቹን ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሳቸው ቀኑ የሚሮጠው በተበዳዩ ላይ ነው። ስለዚህ ሽምግልና የያዘ አባት በመጀመሪያው ቀን «ነገሩ መቼ ተፈጸመ?» ብሎ ጠይቆ፥ ተበዳዩ የሕግ ሰው እንዲያማክርና ማመልከቻውን በጊዜው እንዲያስገባ ቢመክረው፥ ዕርቁን አያፈርስም። ክስ ከቀረበ በኋላም በዕርቅ መጨረስ በሕግ የተፈቀደ ነው።

ሹማምንትም በበኩላቸው ሊያደርጉት የሚገባ ቀላል ሥራ አለ። ድሃው አቅም የሌለው መሆኑን ለማስረዳት የሚጠይቀውን የቀበሌ ደብዳቤ በቀጠሮ ብዛት ማዘግየት፥ መብቱን በገዛ እጅ እንደ መቀማት ይቈጠራል። ደብዳቤው በመጣበት ቀን ቢሰጠው፥ በአቅራቢያው ያለው የነጻ ርዳታ ስፍራ ተጽፎ በመሥሪያ ቤቱ በርና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቢለጠፍ፥ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ቢነገረው፥ ወጪው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የታሰረ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብና ከሕግ አማካሪው ጋር መገናኘት መብቱ መሆኑን ከያዘው ፖሊስ አንደበት ቢሰማ፥ የሕጉ ክብር ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም።

ይህን ስንል የረዳቶቹ ቍጥር ይበቃል ማለታችን አይደለም። የነጻ ርዳታ ማእከሎች በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲና ትልልቅ ፍርድ ቤቶች ባሉበት ከተማ ስለሚገኙ፥ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ገበሬ የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ስለ 50 ሰዓቱ የተሰጠው ትእዛዝም የሚፈጸመው፥ የተሠራውን ሰዓት የሚመዘግብና የሚጠይቅ ሲኖር ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበሮችም ያለ ሕግ ጥበቃ አይጸኑም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ማኅበሮች በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠሩ በከለከለ ጊዜ፥ ለድሃ ሴቶች ይቆሙ የነበሩት ሥራቸው እጅግ ተዳከመ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላው ቢነሣም፥ ርዳታ በተቋረጠባቸው ዓመታት ቀኑ ያለፈበት ተሟጋች ግን ቀኑ አልተመለሰለትም።

የአንድ አገር ፍርድ የሚመዘነው ባለጸጋው በሚያገኘው ውሳኔ አይደለም፤ እርሱ በየትም አገር ቢሆን የሚናገርለት አያጣም። የሚመዘነው ጫማ የሌለው ሰው በዚያው ችሎት ቆሞ ሲናገር በሚያገኘው መሰማት ነው። የሕጉ ቃል ተጽፏል፤ የቀረው ቃሉ በጊዜው ወደ ድሃው ጆሮ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ስለዚህ ነገ በደጃችሁ አንድ ተበዳይ ቢቆም፥ ከምክርና ከማጽናናት አስቀድማችሁ ቀኑን ጠይቁለት፥ የሚሄድበትንም ስፍራ አመልክቱት። ይህን ያደረገ ሹም ሥራውን፥ ይህን ያደረገ ካህንም አገልግሎቱን በሚገባ ፈጸመ ይባላል።