«ይለመዳል» በተባለው ላይ ያለን አስተያየት

በዚህ ሰሞን በግቢያችን አንድ አዲስ አካሄድ ታይቷል። እግር ፈርከክ ይላል፤ ደረጃ ላይ ቀስ ይባላል፤ በምግብ አዳራሽ አግዳሚው ላይ ቁጭ ሲባል ፊት ይኮማተራል። የሚያየን ሁሉ ይስቃል፤ እኛም አብረን ስቀናል። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ የሚተው ሆኖ ስላላገኘነው በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ልናነሳው ወደድን።

ለማስተማር ልምምድ የተመደብንበት ትምህርት ቤት ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ከግቢያችን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የባጃጁ ሂሳብ ከኪሳችን ጋር አልስማማ ስላለ ስድስት ሆነን አዋጥተን ሦስት ብስክሌት ገዛን፤ ሦስታችን ጧት፣ ሦስታችን ከሰዓት። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ብስክሌትም ለከተማው እንግዳ አይደለም። ታዲያ ምን ችግር አለ አልን።

በሦስተኛው ቀን ችግሩ ታወቀ። መቀመጫችን እንደተቀጠቀጠ ሆነ፤ የአንዳንዳችንም ብሽሽት ተላጠ። ምክር ብንጠይቅ ከሠልጣኙም ከመምህሩም የወጣው ቃል አንድ ነበር፤ «ይለመዳል!»

በበኩላችን ይህ ቃል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ሰው የሚጎዳ ነው እንላለን።

እውነቱን እናስቀድም። ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው በመቀመጫችን ሥር ያሉት ሁለት የአጥንት ጉብታዎች ናቸው። ወንበር ላይ ክብደቱ ለጭንም ስለሚከፋፈል፣ እዚያ ያለው ሥጋ እንዲህ ያለ ጫና አያውቅም። ስለዚህ አዲስ ነጂ በነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ቢያመው አይገርምም። በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ እየነዳ፣ በየመሐሉ አንድ ቀን እያረፈ ቢለማመድ ሕመሙ በሁለት በሦስት ሳምንት እየቀለለ ይሄዳል። እኛስ? ቅዳሜ ገዝተን ሰኞ 18 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።

መደንዘዝ ግን አይለመድም። መላጥና መቁሰልም እንዲሁ። እነዚህ ሲመጡ ወይ ኮርቻው፣ ወይ ልብሱ፣ ወይ አነዳዱ ልክ አይደለም ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዷ እህታችን የምትነዳው ብስክሌት ኮርቻው ለረጅሙ ጓደኛችን ተለክቶ የታሰረ ነበር። ለሷ ከፍ ብሏል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ቀና ብሏል። ፔዳሉ ላይ ለመድረስ በየዙሩ ዳሌዋ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆዳዋ ታሸ። አሥር ቀን ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። የሚያሳፍር ቦታ ነዋ! ሁሉም «ይለመዳል» ሲል መልመድ ያቃታት እሷ ብቻ መሰላት። በመጨረሻ ቁስሉ አመርቅዞ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ አራት የልምምድ ክፍለ ጊዜም አመለጣት። ይህን የጻፍነው ፈቅዳልን ነው፤ «ስሜን ብቻ ተዉት» ብላናለች።

የሚያናድደው፣ በር ላይ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ነገሩን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማስተካከሉ ነው። ኮርቻው ላይ አስቀመጣት፤ ፔዳሉን እስከ ታች አውርዶ ተረከዟን አስረገጣት፤ እግሯ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ዝቅ አደረገው። ስትነዳ በእግሯ ፊተኛ መዳፍ ስለምትረግጥ ጉልበቷ በመጠኑ ይታጠፋል፤ ልኩ ይኸው ነው። አፍንጫውንም ከመሬት ጋር ትይዩ አደረገው። አንዱን ብስክሌት ለሁለት ስለምንጠቀም፣ አሁን የየራሳችንን ልክ በኮርቻው ዘንግ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርገናል። የሴቶች የመቀመጫ አጥንቶች ባብዛኛው ከወንዶቹ የበለጠ የተራራቁ ስለሆኑ፣ ለሷ ሰፋ ያለ ኮርቻ ፈልገንላታል።

ስለ ስፖንጁም እንናገር። አንዳንዶቻችን ወፍራም የስፖንጅ ልባስ ገዝተን ነበር። ለገበያ መንገድ ደግ ነው። መንገዱ ሲረዝም ግን አጥንቶቹ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጡና ጫናው መሐል ላይ ወዳለው ለስላሳ ሥጋ ይዞራል፤ ያደነዘዘን እሱ ነው። የእንግሊዙ ቆዳ ሠሪ ጆን ብሩክስ ፈረሱ ሞቶበት በብስክሌት ቢሄድ ኮርቻው ስላሠቃየው፣ በ1882 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው የፈጠራ ሥራ ከቆዳ የተወጠረ ኮርቻ ነበር፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ቀስ በቀስ የባለቤቱን ቅርጽ ይይዛል። እንዲህ ያለው ለኛ ኪስ አይሆንም እንጂ!

የቀረው ቀላል ነው። የጂንስ ሱሪ ወፍራም ስፌት የሚገናኘው እዚያው የምንቀመጥበት ቦታ ላይ ስለሆነ ሌላ ሱሪ ይሻላል፤ ላብ የነካውን ልብስ ቶሎ መቀየርና መታጠብም ያስፈልጋል። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ ፈረሰኛ በእርካቡ እንደሚቆመው ፔዳሉ ላይ ብድግ ማለት ነው።

መምህሮቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት በጤና ክፍለ ጊዜ ላይ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ይሰጥ፤ ለእህቶቻችንም ሳያፍሩ የሚጠይቋት አንዲት መምህርት ትመደብ። ሌላም የታዘብነው አለ። በምናስተምርበት ክፍል አግዳሚው ከፍ ብሎባቸው እግራቸው መሬት የማይነካ ሕፃናት አሉ። ሲቁነጠነጡ «አርፋችሁ ተቀመጡ!» ስንል ነበር፤ የኛው መቀመጫ እስኪላጥ ድረስ ለምን እንደሚቁነጠነጡ አልጠየቅናቸውም።

የኮርቻው መፍቻ ቁልፍ እኛ ዘንድ አለ። የሚፈልግ ከእራት በኋላ ብስክሌቶቹ ከሚቆሙበት ጥላ ሥር ያገኘናል።