መንገዱንም ከትምህርቱ ቁጠሩት



አዲስ አበባ ላሉ ብዙ የልጅ ልጆቻችን «ሰርቪስ» እየመጣ ይወስዳቸዋል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በዳባትና በደባርቅ ገጠር ላሉት ግን ሰርቪሱ እግራቸው ነው። በነርስነት ሳገለግል «ልጄ ደከመብኝ፣ ክፍል ውስጥ ይተኛል አሉኝ፣ ደም አንሶት ይሆን?» የሚሉ እናቶች ይመጡ ነበር። እኔም በመጀመሪያ የምጠይቃቸው «ትምህርት ቤቱ ምን ያህል ያስኬዳል? ጠዋት ምን ቀምሶ ወጣ?» እያልኩ ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። ትምህርት ቤቱ 6 ኪሎ ሜትር የሚርቅበት ልጅ ደርሶ መልስ በቀን 12፣ በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሁለት ሳምንት ጎንደርን አልፎ ሄዷል ማለት ነው፤ ያውም ዳገት ቁልቁለቱን። ይህ ልጅ ሰነፍ አይባልም። ቤት እንደገባም «ከብት መልስ፣ ውኃ ቅዳ» ከማለት በፊት ትንሽ ይረፍ።

ባዶ ሆዱን አይውጣ። አገራችን የገብስ አገር ነው፤ ጠዋት በሶ፣ ለመንገድ ደግሞ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር የተቀላቀለ ቆሎ ይያዝ። ከወንዝ እንዳይጠጣ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በሃይላንድ ይቀዳለት።

እግሩን ተመልከቱ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት ሊያመጣ ይችላል። ርግማን አይደለም፤ ይህ ከአፈር የሚመጣው ዓይነት ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው። ኮንጎ ጫማም ቢሆን ከባዶ እግር ይሻላል፤ እንዳይልጠው ግን ካልሲ ይደረግበት። በባህላችን የእንግዳ እግር ይታጠባል፤ ከ12 ኪሎ ሜትር መንገድ የገባ ልጅም እንግዳ ነውና፣ አያቶች ውኃውን እናሙቅለት።

ከሁሉ የሚከብደው የሴቶች ልጆች ጉዳይ ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የከሰዓቱ ፈረቃ 11 ሰዓት ተኩል ቢለቀቅ፣ ሁለት ሰዓት የምትሄድ ልጅ ቤቷ የምትደርሰው ምሽት 1 ሰዓት ተኩል፣ በጨለማ ነው። አባት ፈርቶ ያስቀራታል። ከቀረች በኋላ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። ሰውነቷ ሳይጠና የምትወልድ ልጅ በምጥ ምን እንደምትሆን ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው ያውቀዋል።

የአባትን ፍርሃት አልነቅፍም፤ መፍትሔው ግን እሷን ማስቀረት ሳይሆን ሰዓቱን ማስተካከል ነው። የአንድ መንደር ወላጆች ሆናችሁ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሂዱና ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ጠዋት እንዲማሩ፣ የአንድ ሰፈር ልጆችም በአንድ ፈረቃ እንዲመደቡ ጠይቁ። ይህ መኪናም በጀትም አይጠይቅም። ልጆቹም በቡድን ይሂዱ፤ ትልቁ ከኋላ ይሁን። አስፋልት ሲደርሱ በግራ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ ይጓዙ።

ትምህርት ቤቱን ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እስኪቀርብ ድረስ ግን ቁርሱ፣ ጫማውና ፈረቃው በእጃችን ናቸው።

ሳምንት እስክንገናኝ፣ ልጆቻችሁን በሰላም ሸኝታችሁ በሰላም ተቀበሉ።