ለፈረስ ድረ ገጽ ምን ስም እናውጣ?



ጋምቤላ የፈረስ አገር አይደለችም። የባሮ ወንዝ ቆላ ገንዲ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መኖሪያ በመሆኑ ፈረስ እዚያ አይበረክትም። ነገር ግን በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ ወደ ጋምቤላ የተወሰዱ ቤተሰቦች የደጋውን ትዝታ ይዘው ነው የወረዱት። የልጅ ልጆቻቸው ስለ ኮርቻና ልጓም፣ ስለ ግላስና እርካብ፣ ስለ ጉግስ ጨዋታ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ሰብስበው ድረ ገጽ ለመክፈት ቢነሡ ዝንቡ አያግዳቸውም። ታዲያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ነገር ስም ነው።

ስምን ከፈረስ ጋር ማያያዝ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ የነበረው በፈረስ ስማቸው ነው። ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ሙስሊሙ ንጉሥ የሚታወቁበት «አባ ጅፋር» የሚለው መጠሪያም የፈረስ ስም ነው። ስሙ ሲጠራ ሰሚው ማን እንደ መጣ ወዲያው ያውቃል። ዶሜይን የሚባለው የድረ ገጽ አድራሻም ሥራው ይኸው ነው።

ስለዚህ ስሙ አጭርና በጆሮ ተሰምቶ የሚጻፍ ይሁን። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ችግር ያመጣል። «ፈረስ» የሚለውን አንዱ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» ፊደል ይጽፈዋል። ያሰባችሁትን ስም ለአምስት ሰዎች በስልክ ንገሩና ጽፈው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሦስቱ ከተሳሳቱ ሌላ ስም ፈልጉ። ሰረዝና ቁጥር ባይገባበት ይመረጣል። የሌላ ማኅበር ወይም የታወቀ ሰው ስም ወስዶ የራስ ማስመሰል ግን ሰውን ማታለል ነውና እንጠንቀቅ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የስሙ መጨረሻ ነው። «ነጥብ ኮም» በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። «ነጥብ ኢቲ» የኢትዮጵያ መለያ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በሥሩም ለንግድ «ኮም ነጥብ ኢቲ»፣ ለማኅበራት «ኦርግ ነጥብ ኢቲ» አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፈረስ ማለት የሆነው «ነጥብ ሆርስ» የሚባል መጨረሻ ተፈጥሯል። ጉዳዩን በግልጽ ቢናገርም አያቶቻችን ቃሉን አያውቁትም። አንባቢዎቻችሁ በውጭ አገር ያሉ ፈረሰኞች ከሆኑ ያገለግላል፤ የአገር ቤት ሰዎች ከሆኑ ግን የአገሩ መለያ ይቀርባቸዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ስሙ በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ነው። የዶሜይን ስም ተገዝቶ የሚያዝ ንብረት ሳይሆን በዓመት እየተቆጠረ የሚከፈልበት ኪራይ ነው። እንደ «ነጥብ ኮም» ባሉት መጨረሻዎች በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል። ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ ባለቤቱ የሚያስመልስበት 30 ቀን ይሰጠዋል፤ ክፍያው ግን ከተለመደው ይበልጣል። ያም ካለፈ ማንም ሊወስደው ይችላል። የብዙ ዓመት ድካም የተጻፈበት አድራሻ በሌላ ሰው እጅ ወድቆ አስነዋሪ ነገር ሲታይበት ማየት ምን ያህል ያሳፍራል!

በውጭ አገር ድርጅት ለመመዝገብ የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልግ ወጣቶቻችን ብዙውን ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላቸው ይለምናሉ። ዘመድ ለቅን ሥራ መርዳቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምዝገባው በእርሱ ስምና በእርሱ ኢሜይል ብቻ ከሆነ ቁልፉ በእርሱ እጅ ነው። አድራሻውን ቢቀይር፣ ቢታመም ወይም ወደ አኼራ ቢሄድ የማሳሰቢያው ደብዳቤ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይገባል። ስለዚህ ምዝገባው በቡድኑ ስም ይሁን፤ ኢሜይሉም የጋራ ይሁን። የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ታማኝ ሰዎች ይወቁት፤ የመክፈያው ቀንም በሁሉም መዝገብ ላይ ይጻፍ። ይህ አማና ነው። አማና ደግሞ በዝምድና ብቻ አይጠበቅም፤ መጻፍና ምስክር ማቆምም ያስፈልጋል።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። መሥራቾቹ ቢያልፉም ስሙ የማኅበሩ ነበርና ለልጅ ልጅ ተረፈ። እናንተም ስታወጡ እንዲሁ አድርጉ። የአያቶቻችሁን ቃል የምታኖሩበት ቤት ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ክፍት ሆኖ የሚቆየው ቁልፉ በጋራ ሲያዝ ነው።