የጎመኑን ዘር ያከፋነው እኛው ነን

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ «ቲቸር፣ የሐበሻ ጎመን ዘሩ ከፍቷል። ሁለት ጊዜ ሳልቀጥፈው ያብባል። ነቅዬው የኬል ዘር በፓኬት ላስመጣ ነው» አለኝ። መልሱን እዚያው መጻፍ ጀምሬ ረዘመብኝ። ደግሞ ይሄን ወሬ የሚያወራው እሱ ብቻ አይደለም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ሠፈር ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ አንድ ስልጠና ላይ ፊታችን ቆሞ «የአገር ቤት ጎመን ምርታማ አይደለም» ካለን ባለሙያም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ እዚህ ልበለው፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ዘሩ አልከፋም። ያከፋነው እኛ ነን።

እስቲ ጓሯችሁን አስቡት። 10 እግር ጎመን ተክላችኋል። ሁለቱ ገና ቅጠላቸው ሳይሰፋ አገዳ አውጥተው ቢጫ አበባ ያብባሉ። ምን እናደርጋለን? «ይሄ ካሁን በኋላ አይበላም፣ ለዘር ይቅር» እንላለን። ስምንቱ ደጎቹ፣ እነዚያ ቅጠላቸው እንደ ሰፌድ የሚሰፋው፣ ወራት ሙሉ ይቀጠፋሉ። ሲያረጁ ተነቅለው ለበግ ይሰጣሉ። በሚቀጥለው ክረምት የምንዘራው የማንን ዘር ነው? የሁለቱን ችኩሎች! ምርጡን ወይፈን ለበዓል አርዶ ከሲታውን ለኮርማ የሚያስቀር ገበሬ ብታዩ ትስቁበታላችሁ። እኛ ግን በጎመናችን ላይ በየዓመቱ ይሄንኑ እናደርጋለን፤ ከዚያ «ዘሩ ከፋ» እንላለን።

ይሄን የምለው ከሰው በልጬ አይደለም። ዲፕሎማዬ በባዮሎጂ ነው። ሥራ ስጀምር እናቴ በጨርቅ ቋጥራ አንድ እፍኝ የጎመን ዘር ሰጠችኝ፤ እሷ ደግሞ ከአያቴ የተቀበለችው ነው። ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ዝርያ ምርጫ በጠመኔ እየሳልኩ አስተምራለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ቀድሞ ያበበውን ለዘር እተዋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ቀጠልኩ። በአምስተኛው እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፣ ጓሮ ወጣች፣ ቆማ አየችና «ይሄ የኔ ጎመን አይደለም» አለች። ነው ብዬ ተከራከርኳት። እሷ እኮ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ነኝ የተማርኩት! ለካ እሷ ገና ጎመኑ ሲጠነክር ጥሩዋን እግር መርጣ ክር ታስርባት ነበር፤ ያቺን ማንም አይቀጥፋትም። እኔ ልጅ ሆኜ ክሩን ለቡዳ የታሰረ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓመት አገር ቤት ስሄድ የእናቴም ጓሮ ዘር አልቆበታል። ለልጆቼ ብላ ሁሉንም አከፋፍላ ነበር። የተረፈው ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ማድጋ ውስጥ ብቻ ነበር። እሳቸው ባያስቀምጡት ኖሮ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር።

አሁን ስለ ኬል። ኬል ጥሩ አትክልት ነው፤ ጠላቴ አይደለም። ግን ምን እንደምትለውጡ እወቁ። ኬል የጥቅል ጎመን ወገን ነው። የኛ ጎመን ደግሞ ያ ወገን ከሰናፍጭ ዘመድ ጋር ተፈጥሮ ራሷ ያዳቀለችው ነው። ናጋሃሩ ዩ የሚባል ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ይሄን አሳይቷል፤ 8 እና 9 ተደምረው 17 ሆኑ ማለት ነው (የክሮሞሶም ትምህርቴን ያልረሳችሁ ይገባችኋል)። ለጓሮ ሰው ትርጉሙ ምንድነው? የኛ ጎመን በራሱ አበባ ዘር መያዝ ይችላል፣ በዚያው ዓመት ዘር ይሰጣችኋል። ኬል ለማበብ በአብዛኛው ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል፣ ዘር ለመያዝም ጎረቤት ተክል ይፈልጋል። ፓኬቱ ላይ ኤፍ ዋን የሚል ካለበት ደግሞ ዘር ብትለቅሙለትም ልጁ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ በየዓመቱ ገዢ ናችሁ። በመምህር ደሞዝ!

እኛ ስንንቀው ሌላው ምን እያደረገበት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በዚሁ በኛ ጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ ጄት አብርረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶ ያህሉ ከዚሁ የመጣ ነበር። እኛ ቤት ምጣድ ማሰሻ ነው።

ማሰሻን ካነሳሁ አይቀር፦ ገበያ ላይ ለማሰሻ የሚሸጠውን ጎመን ዘር ገዝታችሁ ዘርታችሁ «አበበብኝ» አትበሉኝ። እሱ ለፍሬ የተመረተ ነው፤ ለቅጠል ስለመመረጡ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። እንደ የሎ ዶዶላ ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎችም የወጡት ለዘይት ነው። የቅጠል ጎመን ዘር የምታገኙት ቅጠሉን እየቀጠፈ ከሚበላ ሰው ጓሮ ነው።

«መሬቱ ጠባብ ነው፣ ለዘር ብዬ ቦታ አላባክንም» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ በቀለም ባልዲም ይሆናል። ቀድሞ አገዳ ያወጣውን አበባው ሳይፈነዳ ነቅላችሁ ብሉት፤ ካበበ ንብ ዱቄቱን ወደ ደጎቹ ታዛውራለች። ከዘገዩት ውስጥ አምስት ስድስት እግር ክር እሰሩባቸው፣ አትላጯቸው። ፍሬ የያዘው ሲቢጫ በጠዋት ቁረጡት፤ ቀን ከቆረጣችሁት እየፈነዳ መሬት ላይ ይቀራል። ጆንያ ላይ አድርቁት። በቃ።

አንድ ነገር ግን ልመን፤ ሁሌም ዘሩ አይደለም። ችግኙ መደብ ላይ አርጅቶ ከተተከለ፣ ወይ ውሃ ከጠማው፣ ጥሩ ዘርም ቸኩሎ ያብባል። ተማሪዬን መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄንን ነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

እናቴ የምታውቀው ዘር አሁን ጓሮዬ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ለመጣ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ እሰጣለሁ፣ በነፃ። ክሩን ግን ይዛችሁ ኑ።