ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም፦ የኩላሊት ጠጠርና የሆሚዮፓቲ ጠብታ

እዚሁ ቤክስሊ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ሆሚዮፓቲ የሚሉትን ጠብታ ለሦስት ሳምንት ወስዶ የኩላሊት ጠጠሩ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ጎኑን ላመመው አበሻ ሁሉ ያንኑ ጠብታ ያዛል። መዳኑን አልጠራጠርም። ጠጠሩን ያወጣው ጠብታው ነው በሚለው ላይ ግን ልንነጋገር ይገባል፤ ምክሩን ሰምቶ ሐኪም ቤት መሄዱን የሚተው ወገን አይጠፋምና።

ለመሆኑ ጠጠሩ ከየት ይመጣል? ሽንታችን የሟሙ ጨዎችን ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲያንስ ጨዎቹ እየተያያዙ ይጠጥራሉ። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ነው። ኩላሊት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ላይሰማን ይችላል፤ ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ሲገባ ግን ጎንን ሰቅዞ ይይዛል፣ ያስመልሳል፣ ሽንትንም ያደማል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይወጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር የበለጠው ግን እምብዛም አይወጣም፤ ሐኪም ሊሰባብረው ይገባል።

ሆሚዮፓቲን የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሐኔማን ሲሆን ሐሳቡን ያሳተመው በ1796 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ የመሰለ ሕመም ይፈውሳል ባይ ነው። ለጠጠር የሚታዘዘው በርበሪስ፣ ስሙ ከበርበሬያችን ቢመሳሰልም ዝምድና የሌለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ብልቃጡ ላይ "30 ሲ" ከተጻፈ፣ አንድ እጅ ጭማቂ በ99 እጅ ፈሳሽ ተበርዞ፣ ያም እንደገና እየተበረዘ ሠላሳ ጊዜ ተደጋግሟል ማለት ነው። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከተክሉ አንዲት ሞለኪውል መቅረቷ እንኳ ያጠራጥራል።

ትምህርቱ ለኮሎምበስ እንግዳ አይደለም። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1914 የሆሚዮፓቲ ኮሌጅ ከፍቶ በ1922 ዘግቶታል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም በ2015 ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ለመፈወሱ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም ሕመም እንደሌለ አስታውቋል።

ታዲያ ወዳጄን ማን አዳነው? ጠጠሩ ትንሽ ነበር፤ ጠብታውንም በብዙ ውሃ ነበር የሚወስደው። ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም፤ ሊነጋ ሲል ይጮኻል እንጂ።

የቀጠነው ጠብታ ራሱ ላይጎዳ ይችላል። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። ከጎን ሕመም ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሽንት ከተቋረጠ፣ ትውከት አልቆም ካለ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከታገደ ሽንት የተነሣ መመረዝ ወደ ደም ገብቶ ሕይወት ያጠፋል። ብዙዎቻችን ሂሳቡን ፈርተን ቤታችን እንደምንቃትት አውቃለሁ። ነገር ግን በ1986 በወጣው የአገሪቱ ሕግ መሠረት፣ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ ማለት ይቻላል ገንዘብም ኢንሹራንስም የለህም ብሎ ሳይመረምርና ሳያረጋጋ ሊመልሳችሁ አይችልም። ሂሳቡ ሲመጣ የፋይናንሻል አሲስታንስ ማመልከቻ ጠይቁ፤ አስተርጓሚም በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ።

ጠጠር አንዴ የያዘው ሰው ተመልሶ ሊይዘው ይችላልና መከላከያውን እንያዝ። ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ ውሃ መጠጣትን ነው፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ታክሲና ትራክ የምትነዱ ወገኖች ሽንት ቤት ፍለጋን ሽሽት ውሃ አትተዉ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙም ከዚያ በኋላ አካክሱ። ሎሚ ጨምቁበት፤ ጨው ቀንሱ፤ ቆስጣ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት አታብዙት። ጠጠሩ ካልሲየም ነው ብላችሁ ወተት አትከልከሉ፤ ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ቢራ ያጥባል የሚባለው ደግሞ ለቢራ ወዳጆች የተመቸ ሰበብ ነው።

ጠጠሩ ከወጣም አትጣሉት፤ ለሐኪም ስጡት። ከዩሪክ አሲድ የተሠራ ከሆነ ቀጣዩን በትክክል የሚያሟሟ መድኃኒት አለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። በቸር ይግጠመን!