ስንጥቁን መምረግ ወይስ መለካት?

ወገኖች፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት ምድር ስትንቀጠቀጥ ብዙዎቻችን ጌታን ጠርተናል። መርካቶ ፎቅ ላይ የነበርን ሰዎች ደረጃውን እንዴት እንደወረድነው እኛው እናውቃለን። በማግሥቱ ሱቁ ተከፈተ፣ ኩሊው ሸክሙን አነሳ፣ ነገሩ ተረሳ። ከፈንታሌ በኩል እስከ ጥር ድረስ ደጋግሞ ሲነቀንቀንም እንዲሁ ጸለይን፣ እንዲሁ ረሳን።

ለጸሎት በምንሰበሰብበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ። ከመንቀጥቀጡ በፊት ይኑር በኋላ ይምጣ አናውቅም፤ ማን አይቶት! አንድ ወንድም "ይመረግና ቀለም ይቀባ" ሲል ሁላችንም አሜን አልን። ያ አሜን ስህተት ነበር።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ይህ የተለካው በሳተላይት ራዳር ነው። ራዳሩ ሞገድ ይልካል፣ የተመለሰውን ይመዘግባል፤ ከቀናት በኋላ ያንኑ ቦታ ደግሞ ያያል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የሴንቲ ሜትር ለውጥ እንኳ ይታያል። ደመናም ጨለማም አያግደውም።

አንታርክቲካ ላይም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች ብራንት በሚባለው ተንሳፋፊ የበረዶ መደብ ላይ ስንጥቅ እያደገ መሆኑን ስለተከታተሉ፣ ሃሌይ የተባለውን የምርምር ጣቢያቸውን 23 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ጎትተው አዛወሩት። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 ነው። በረዶው የተገመሰው በጥር 2023 ነው። ስድስት ዓመት ቀድመው!

"ጌታ ጠባቂያችን ሳለ መለካት ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ዮሴፍ በጥጋቡ ዓመታት እህል ሲያከማች እምነት ጎደለው የሚል ግን ሰምተን አናውቅም። እንዲያውም ሕዝቅኤል የወቀሰው ሁሉ ደህና ነው እያሉ ደካማውን ግድግዳ የሚመርጉትን ነው።

ሳተላይት የኛን ግድግዳ ከውስጥ አያይልንም፤ ለመጀመር እርሳስ ይበቃል። ቀለሙን ትተን የስንጥቁን ሁለት ጫፎች ምልክት አድርገን ቀኑን ጻፍንበት። መሐንዲስ እንዲያየውም አከራያችንን ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ የለም። ስንጥቁ ከምልክቱ ካለፈ እኛ ሌላ ቤት እንሰበሰባለን። ከሥራችን ያሉት ነጋዴዎችስ? ወርደን ነገርናቸው። አንደኛው ምንም ሳይናገሩ መደርደሪያቸውን ገፋ አድርገው ከጀርባው ያለውን አሳዩን።