መልኬን እኔው ልምረጠው

የእህቴ ልጅ «ዘ ሲምስ 4» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ስትከፍት ብዙ ጊዜ ጨዋታው ራሱ ጋ አትደርስም። ሰው ስትሠራ ታመሻለች። አፍንጫውን በማውስ ይዛ ትስባለች፣ ግንባሩን ታሰፋለች፣ አረማመዱን ትመርጣለች፣ ከዚያ ሁሉንም አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች። በቅርቡ አያቷን ሠርታ አሳየችኝ። ነጠላ ባታገኝላትም ቶሎ ግንፍል የሚለውን ጠባይዋን ሳይቀር መርጣላታለች።

እኔ በማስታወቂያ ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። በሙያችን አንድ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ዞር ብሎ እንዲያየን ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል። ይቺ ልጅ ግን ማንም ሳያባብላት ምን እንደምትወድና ምን እንደማትወድ ለአንድ ጨዋታ ስትዘረዝር ታመሻለች። ለምን ቢባል፣ ጨዋታው የሚጠይቃት በግልጽ ነው፤ የመለሰችው ደግሞ እዚያው ዓይኗ ፊት ይታያል። ካልወደደችው ትመልሰዋለች። ለቸኮለ ሰው የዳይስ ምልክት አለ፤ ሲጫኑት ያለቀለት ሰው ያወጣል። መምረጥ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም።

እኛ «ፐርሰናላይዜሽን» (መልእክትን ለየደንበኛው መቃኘት) እያልን የምንኮራበት ሥራ በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። «ውድ አቶ» ብሎ በወንድሜ ስም የሚጠራኝ የጽሑፍ መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ሲም ካርዱን ድሮ በስሙ ያወጣልኝ እሱ ስለሆነ፣ የላኪው ድርጅት መዝገብ እኔን ወንድ አድርጎኝ ቀርቷል። የኳስ ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ያሳስበኛል። የሚያናድደኝ ስህተቱ አይደለም፤ ስህተት ይኖራል። «ይህ እኔ አይደለሁም» ብዬ የማርምበት አንድም መንገድ አለመኖሩ ነው።

ይህን ሳስብ «ረስት» የሚባለው ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ተጫዋቹ ራቁቱን፣ ድንጋይ ይዞ፣ አንድ ደሴት ላይ ይነቃል። ሠሪው የብሪታኒያው ፌስፐንች ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2015 የእያንዳንዱን ተጫዋች የቆዳ ቀለም፣ በ2016 ደግሞ ጾታውን፣ በስቲም የጨዋታ መደብር መለያ ቁጥሩ ላይ ተመሥርቶ መደበለት። መቀየር አይቻልም። ብዙ ተጫዋቾች አጉረመረሙ፤ ሠሪዎቹ ግን ሆን ብለው ነበርና አልመለሱትም። እንደ ጨዋታ ሐሳብ አከብረዋለሁ፤ ማንስ መልኩን መርጦ ተወለደ? የገበያ ሰዎች ግን ለደንበኞቻችን በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ያውም ተጫዋቹ ቢያንስ የተሰጠውን መልክ ያያል፣ ደንበኛው እኛ የሰጠነውን አያይም።

ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ያሰፋች ሴት የምለው ይገባታል። ነጋዴዋ ጥለቱን ዘርግታ ከአንገቷ ሥር ትይዝላታለች፣ መስታወት ታቀርባለች፣ «ይኼኛውስ?» ትላለች። ያለፈው ዓመት ምን እንደገዛች አጥንታ ቀሚሱን ሰፍታ አትጠብቃትም።

የሚቀርበው ምርጫም ራሱ ይናገራል። በ«ዘ ሲምስ 4» የጥቁር ሰው ቆዳ ግራጫ እየመሰለ፣ ጸጉሩም የእውነት ጸጉር ሳይመስል ለዓመታት ቅሬታ ሲቀርብ ነበር። ብዙ ጥቁር ተጫዋቾች የጨዋታውን ሠሪ ኩባንያ መጠበቅ ትተው ራሳቸው ተጫዋቾች የሠሯቸውን ቀለሞችና የጸጉር ሥራዎች ይጭኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ኩባንያው ከ100 በላይ አዳዲስ የቆዳ ቀለሞች ጨመረ። ጨዋታው ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ምርጫ የምንደረድር ሰዎች ከዚህ ልንማር ይገባል፤ ዝርዝሩን ስንጽፍ ማን ይመጣል ብለን እንደጠበቅን፣ ማንን እንደረሳን ያሳብቅብናል። ቅጽ ላይ «ሌላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚኖሩ ደንበኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጠይቆ መርሳትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጨዋታ ተጫዋቹን እስከ ጥርሱና ጥፍሩ ድረስ ያስመርጠዋል። ጨዋታው የሚታየው ግን በገጸ ባሕርይው ዓይን ስለሆነ፣ ያን ሁሉ የደከሙበትን ፊት የሚያገኙት መስታወት ፊት ሲቆሙና በጥቂት ሌሎች አጋጣሚዎች ብቻ ነው። እኛም የትውልድ ቀን፣ ሥራ፣ የቤተሰብ ብዛት እንጠይቃለን፤ ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት እንልካለን። የማንጠቀምበትን መጠየቅ የሰው ጊዜ መስረቅ ነው።

የጨዋታ ኩባንያዎችን ጻድቅ እያደረግሁ አይደለም። የ«ፎርትናይት» ባለቤት ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ክስ ጨርሷል። ከዚህ 245 ሚሊዮኑ አሳሳች የአዝራር አቀማመጥ ሳያስቡት ዕቃ ላስገዛቸው ተጫዋቾች እንዲመለስ የተወሰነ ነበር። ሰው ራሱን ለማስዋብ ያለውን ፍላጎት አይቶ ኪሱን መዳበስ ይቻላል፤ ከእነሱ የምንማረው ይህን እንዳይሆን።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት አለው። ባልደረቦቼ ይህን የሕግ ክፍሉ ጉዳይ አድርገው ሲያልፉት አያለሁ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የገበያ ሥራ ነው። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። የሚቀጥለውን መልእክት ከመላካችሁ በፊት ደንበኛው ስሙን የሚያርምበት፣ ቋንቋውን የሚመርጥበት፣ «ይህን አልፈልግም» የሚልበት አንድ አጭር ቁጥር ከሥሩ ጻፉ። ሲመልስላችሁም ያላችሁን ፈጽሙ።